የእህቴን መጽሐፍ ሱቅ ፍለጋ

እሑድ፣ ኅዳር 14። ሮቤ

ደረስኩ። ወገቤ የኔ አይደለም። ዲንሾ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሰው ሁሉ ወርዶ ሲንጠራራ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ብወርድ ከፊት የሚመጣውን መኪና አስቁሜ ወደ አዲስ አበባ የምመለስ መሰለኝ።

ሮቤ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ስንዴ ነው። ኮምባይነሮቹ በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከአንዳንዱ ቤት ይበልጣሉ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሹራብ አንድ ብቻ ነው የያዝኩት። ሞኝ።

ለመሥሪያ ቤት ሰዎች “ዕረፍቴን ባሌ ላሳልፍ ነው፣ መጻሕፍት መደብሮቹን ልይ” ብያቸዋለሁ። ማንም አልገረመውም። ጅማም ደሴም ሐዋሳም ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው መጽሐፍ የሚሸጥበትን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ ዕረፍት ስወጣ ደግሞ መጽሐፍ ፍለጋ። ሰው ቤተክርስቲያን ሳይሳለም እንደማያልፈው እኔም መጽሐፍ ሱቅ ሳልገባ አላልፍም።

ስለዚህ ያልኳቸው ውሸት አይደለም። ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እህቴ የኔነሽ እዚህ አገር መጽሐፍ ትሸጣለች።

ያወቅሁት ከሦስት ወር በፊት ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሮቤ ረቂቁን ይዞ ለእርማት መጣ። ሻይ እየጠጣን ስለ መጽሐፍ ሱቅ ስናወራ “ጎባ አንዲት ሴትዮ ነበረች” አለኝ። “መጽሐፍ ስትሸጥልሽ ውስጡ ቁራጭ ወረቀት ትከትበታለች። እስከ ገጽ አርባ ታገሺ፣ ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ አይለቅሽም፣ እንዲህ እያለች ትጽፋለች።” እጄ ላይ ያለው ቀይ እስክሪብቶ ቆመ። የኔነሽ ከልጅነቷ ጀምሮ አንብባ በጨረሰችው መጽሐፍ ሁሉ ውስጥ ለኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ትተውልኝ ነበር። ስሟን ጠየቅሁት። “ሰሚራ ነው የሚሏት” አለ። ጀማልን አግብታ ስትሰልም የያዘችው ስም ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያኔ ታላቅ ወንድማችን ጌታቸው “ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ የምትባል እህት የለችንም” አለ። እማዬ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

የሚቀጥለውን መጻፍ አለብኝ፣ ካልጻፍኩት መምጣቴ ትርጉም የለውም። እማዬ ከአራት ዓመት በፊት ስታርፍ ጌታቸው “ለሷ እንዳትነግሯት፣ ለቅሶው መሀል ተሸፋፍና መጥታ ሰው እንዳታነጋግርብን” አለ። ስልኳ ነበረኝ። ቁጥሩን አውጥቼ አየሁት። አልደወልኩም። ከአርባው በኋላ ከሌላ ሰው ሰምታ ራሷ ደወለች።

“እውነት ነው?”

“አዎ።”

“መቼ?”

ነገርኳት። ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አይሠራም።

ነገ ጠዋት ጎባ መሆን እችላለሁ፣ አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ግን መጀመሪያ የሮቤን ሱቆች ልይ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ሮቤ

ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ሄድኩ። ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ሱቅ አገኘሁ። የፈተና መለማመጃ፣ የሒሳብ ማጠቃለያ፣ በኦሮምኛ የተጻፉ የተረት መጻሕፍት፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ጧ ጧ ይላል። ሻጯ ልጅ ልብወለድ ስጠይቃት ከሥር ጎንበስ ብላ አንድ ካርቶን ጎትታ አወጣች። “እነዚህ የሚገዛቸው የለም፣ እኔ ነኝ የማነባቸው” አለችኝና አፈረች። አብረን ካርቶኑ ላይ ተቀምጠን አገላበጥን። ሁለት ገዛሁ። ስወጣ ትንሽ የከፋት መሰለኝ፤ አንዱን ገና አልጨረሰችውም ነበር።

ከሰዓት የኦቦ ከድርን ሱቅ አገኘሁት። ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወፍጮው ሲዞር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፣ መጻሕፍቱ ላይ ስስ የዱቄት አቧራ ተኝቷል። አንዱን አንስቼ እፍ ስለው ፊቴ ነጭ ሆነ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አስረዋል። ግራ ያለው መደርደሪያ ያነበቡት ነው፣ ቀኝ ያለው ያላነበቡት። ከቀኙ አንድ ሳወጣ እጃቸውን ዘረጉ።

“እሱን አልጨረስኩትም። ሐሙስ ይምጡ።”

“ሐሙስ እዚህ አልኖርም።”

“እንግዲያው ከግራ ይምረጡ። ያላነበብኩትን ሸጬ ነገ ገዢው ቢወቅሰኝ ምን እመልሳለሁ?”

እንዲህ ያለ ሱቅ አዲስ አበባ ቢኖር በሳምንት ውስጥ ይዘጋል። እዚህ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ቁጭ በሉ አሉኝ፣ ትኩስ ወተት በብርጭቆ አስመጡልኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ነገርኳቸው።

“ለመጽሐፍ?”

“ለመጽሐፍ።”

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። “ለመጽሐፍ የመጣ ሰው መጽሐፍ ነው የሚያየው። እርስዎ በር በሩን ነው የሚያዩት።”

ጠየቅኋቸው። ጎባ መጽሐፍ የምትሸጥ ሰሚራ የምትባል ያውቁ እንደሆነ።

“አዴ ሰሚራ! የጀማል ባለቤት። አላህ ይርሐመው።”

ወተቱ እጄ ላይ ቀረ። ጀማል ሞቷል። ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሽታው ኩላሊት ነበር አሉ፤ ጥሩ ሰው ነበር፣ ሳቂታ ነበር አሉ። እኔ ጀማልን ያየሁት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ሰላምታውን በአንገቴ ነበር የመለስኩት።

ባሏ ሞቶ አልነገረችኝም። ለምን ትነግረኛለች?

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። “እህቴ ናት” አልኳቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ሆነብኝ።

“ታዲያ ለቅሶ ነዋ የሚሄዱት” አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። አላየኋትም፣ ከቀብሩ ወዲህ ሮቤ ብቅ ብላ አታውቅም፣ ጎባ ይጠይቁ አሉ። በር ድረስ ሸኙኝ።

አልጋ ቤት ገብቼ ያመጣሁትን ልብስ ዘረገፍኩት። ጥቁር ነጠላ አልያዝኩም። ከአንድ ሱቅ ጥቁር ሻሽ ገዛሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጎባ

ጎባ ከሮቤ ታረጃለች። የእንጨት ቤቶች፣ ሰፋፊ በረንዳዎች፣ ዝናብ ያጠቆረው ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ከተማዋ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች። ወይ እኔ ነኝ።

መምህሩ ከገበያው በላይ ያለውን ቅያስ ነበር የነገረኝ። ሄድኩ። ሰማያዊ መዝጊያ ያለው ቤት አለ ብሎኛል። መዝጊያው አለ። ውስጡ ግን ሁለት የልብስ ስፌት መኪና፣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ፣ የተቆራረጠ ጨርቅ። ትክክለኛ ቤት መሆኑን ሁለቴ ጠየቅሁ። ትክክል ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። መምህሩ “ነበረች” ነው ያለው። “አለች” አላለም። የሰው ዐረፍተ ነገር እያረምኩ እንጀራ የምበላ ሴትዮ፣ አንድ “ነበረች” አመለጠችኝ።

ልብስ ሰፊዋ “ጋሽ በላቸውን ጠይቂያቸው፣ መጽሐፎቿ እሳቸው ጋ ናቸው” ብላ በቀጥታ ፊት ለፊት ጠቆመችኝ።

ጋሽ በላቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከጎጃም ለአንድ ዓመት ተመድበው መጥተው አርባ ዓመት ቀሩ። ሱቃቸው የቤታቸው ሳሎን ነው። ከበሩ ጀርባ አምስት ጋቢ በምስማር ተሰቅሏል። እሳት መጽሐፍ ያለበት ቤት አይገባም ብለው ከሰል ከለከሉ፤ የገባ ሁሉ አንድ ጋቢ አውርዶ ተከናንቦ ያነባል። እኔ ስገባ ሁለት ሰዎች ተከናንበው ማዶና ማዶ ተቀምጠው ነበር፣ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ምን ዓይነት ደስ የሚል ቤት ነው! ሌላ ቀን ቢሆን እስኪመሽ አልወጣም ነበር።

በጓዳው በኩል ያለው መደርደሪያ የሷ ነው። ወደ ጊኒር ስትሄድ ልትጭነው ያልቻለችውን ለሳቸው ተወችላቸው። የጀማል ቤተሰቦች ጊኒር የድሮ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ባሏ ሲሞት “ነይ፣ ከኛ ጋር ሁኚ፣ ሱቁንም እንደፈለግሽ አድርጊው” አሏት። ይህንን ስሰማ ያፈርኩትን ማፈር እዚህ መጻፍ አልችልም። የባሏ ዘመዶች ወሰዷት። የኛን ቤት ደግሞ እኛ ዘጋንባት።

ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ግን ያወቁ ይመስለኛል፣ አፍንጫችን አንድ ነው።

“ስለ ቤተሰቧ ታወራ ነበር?” አልኳቸው።

“ስለ አንድ እህቷ ታወራ ነበር። ጎበዝ አንባቢ ናት ትለኝ ነበር።”

“ሌላስ?”

“ሌላ እኔም አልጠየቅኋት።”

ትንሽ ቆይተው፣ መጽሐፍ እያስተካከሉ፣ “እናቷ የሞተች ጊዜ ሱቁን ሦስት ቀን ዘጋች” አሉኝ። “መርዶው የደረሳት ዘግይቶ ነው። ጎረቤት ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለቅሶ ደረሰ። ከሷ ወገን አንድ ሰው የለም። ሴቶቹ ‘ዘመድ የለሽም ወይ?’ ብለው ሲጠይቋት ‘ሩቅ ናቸው፣ መንገዱ አልመች ብሏቸው ነው’ አለች።”

ሸፈነችን። እኛ ክደናት እሷ ሸፈነችን።

ጋቢውን አጥፌ ምስማሩ ላይ መልሼ ወጣሁ። አመሰግናለሁ ማለቴን አላስታውስም።

ነገ ጊኒር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ጊኒር

ሮቤ ተመልሼ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ጎሮን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ። አገሩ ይወርዳል፣ ይሞቃል፣ ግመል ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለሼክ ሁሴን ስለት ያላቸው ናቸው፤ መንገዱን ሙሉ በኦሮምኛ አወሩኝ። ከአሥሩ አንዱን ነው የገባኝ፣ ግን “ኤዬ፣ ኤዬ” (አዎ፣ አዎ) እያልኩ ቆየሁ። ሲለዩኝ እጄን ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ። ምን እንደለመኑልኝ አላውቅም። ይሁን።

ምን እንደምላት ስለማመድ ነበር። የተለማመድኳቸው፦ “የኔነሽ፣ እኔ ነኝ።” አይሆንም፣ ስሟ ሰሚራ ነው። “ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።” ይህ ደግሞ አቤቱታ ይመስላል። “እንዴት ነሽ?” በዚህ የሚስቅ ይስቃል።

አንዱም አላስፈለገኝም።

ሱቁን ያገኘሁት በድምፅ ነው። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሻንጣዬን አልጋ ቤት አድርጌ፣ የጨርቅ ሱቆቹ ያሉበትን መንገድ ይዤ ስሄድ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰማሁ። በኦሮምኛ ነው። ቃሉ አልገባኝም። ድምፁ ግን፣ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲወርድ፣ ትንፋሽ ሲስብ፣ አስቂኝ ነገር ከመምጣቱ በፊት ራሱ ቀድሞ ሊስቅ ሲል፣ የዚያች ልጅ ድምፅ ነው። አልጋችን ላይ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ የምታነብልኝ ልጅ። መንገዱ ዳር ቆሜ ሰማኋት።

በበሩ አየሁ። ጨርቅ ይደረደርበት በነበረው ሰፊ መደርደሪያ ላይ መጻሕፍት፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ዐረብኛው። ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች። ወንበሮቹ ላይ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ሴቶች፣ አንዷ ሕፃን ታጠባለች፣ አንዷ ምስር ትለቅማለች። እህቴ መሀል ቆማለች። እጇ ላይ ያለው መጽሐፍ አማርኛ ነው። ከአማርኛው እያየች በኦሮምኛ ነው የምታነብላቸው። ያለ ማቆም፣ እንደ ውኃ።

ወፍራለች። ቅንድቧ መሀል መስመር አላት። ሻሿ አመድማ ነው። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ማመን አቃተኝ።

አየችኝ። አንድ መስመር ያህል ቆመች። ከዚያ አንብባ ጨረሰች። ሴቶቹ ተሰናብተው፣ እየተሳሳቁ፣ አጠገቤ አልፈው ወጡ። እኔም ገባሁ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መደርደሪያው ፊት ቆሜ መጽሐፍ መምረጥ ጀመርኩ። አንዱን አወጣሁ። ሰጠኋት። በጋዜጣ ጠቀለለችው። ጥግ ጥጉን ሳትቸኩል አጠፈችው።

“ሌላ የሚፈልጉት አለ?” አለችኝ።

በ“እርስዎ”። ለታላቅ እህቷ ለአስካለ፣ ፀጉሯን ለሠራሁላት፣ ፊደል ላስቆጠርኳት ለኔ፣ በ“እርስዎ”።

“የለም” አልኩ።

“እግዜር ይስጥልኝ።”

ወጣሁ። ይኸውና አልጋ ቤት ተቀምጫለሁ። ጥቅሉን አልፈታሁትም። ነገ ጠዋት እንደገና እሄዳለሁ። ካባረረችኝ ከሰዓት መኪና አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ጊኒር

በሥርዓት ለመጻፍ ልሞክር።

ሦስት ሰዓት ላይ ጥቁሩን ሻሽ አስሬ ሄድኩ። ሱቁ ዝግ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት። አምስት ሰዓት። አንዲት ሴት በቅርጫት ሙዝ ተሸክማ ስታልፍ “ዛሬ አልከፈተችም፣ ከጠዋት ጀምሮ የለችም” አለችኝ። በቃ፣ እኔን ላለማየት ዘግታ ሄደች ብዬ ቆረጥኩ። መብቷ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ተነሳሁ፣ እግሬ ደንዝዞ ነበር።

አልጋ ቤቱ ግቢ ስገባ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

“ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ” አለችኝ። “ሌላኛውን አልጋ ቤት ጠይቄ እዚህ መጣሁ። ‘ወጥታለች’ አሉኝ። ጥላኝ ሄደች ብዬ ነበር።”

“እኔ ሱቅሽ ደጃፍ ነበርኩ።”

አንዳችንም አልሳቅንም። ግን በ“አንቺ” ነው ያናገረችኝ። አስተውያለሁ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ኦቦ ከድር ያሉኝ ብቻ መጣልኝ። “ለቅሶ ነው የመጣሁት” አልኳት።

“የማን?”

“የጀማል። የእማዬም።”

ጀማልን ስትሰማ ዓይኗ ሞላ። ለእማዬ ግን ፊቷ ደረቀ። “የእማዬን ለቅሶ እኔ ነኝ መድረስ የነበረብኝ” አለች። “አንቺ ነሽ የከለከልሽኝ። ጌታቸውን አውቀዋለሁ፣ ከሱ ምንም አልጠበቅሁም። አንቺ ግን ስልክ ማንሳት አቃተሽ። አንድ ስልክ።”

“አዎ።”

“‘አዎ’ ብቻ?”

“ሌላ የምለው የለኝም። ፈራሁ። ጌታቸውን ፈራሁ፣ ሰውን ፈራሁ። ቁጥርሽን አውጥቼ አየሁት። አልደወልኩም።”

አስተናጋጇ ሻይ አምጥታ አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ የኔነሽ (ሰሚራ ልበል፣ ሰሚራ) ወንበሯን ወደኔ አዙራ፣ “ንገሪኝ። ከመጀመሪያው። ማንም አልነገረኝም” አለች።

ነገርኳት። እማዬ በየትኛው ቀን እንደተኛች። መብላት መቼ እንዳቆመች። ሐኪሙ ምን እንዳለ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ይከፈትልኝ ትል እንደነበር። ማን አጠባት፣ ማን ገነዛት፣ የት ጋ እንደተቀበረች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ምን ብላ እንዳለቀሰች። ሁለት ሰዓት ሙሉ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፣ አራት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን።

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን፣ እዚህ ደብተር ላይም ያልጻፍኩትን ነገርኳት። በመጨረሻዋ ማለዳ እማዬ “የኔነሽ መጣች?” አለችኝ። ሁለት ጊዜ። እኔም “መንገድ ላይ ናት” አልኳት።

ሰሚራ ተነሳች። የግቢው በር ድረስ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ወጥታ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተከተልኳትም፣ ያ መብት የለኝም። ተመልሳ መጣች።

“አመነችሽ?”

“አዎ። ‘በሩን እንዳትዘጊባት’ አለችኝ።”

ተቀመጠች። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። “ስለዚህ ጠርታኛለች” አለች ከእጇ ሥር። “ጠርታኛለች። እኔ እኮ ረስታኝ የሞተች መስሎኝ ነበር።”

ይህንን አራት ዓመት ሙሉ ተሸክማ ኖራለች። እኔ በአንድ ዐረፍተ ነገር ላወርድላት ስችል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነካኋት፣ ትከሻዋን። አላራቀችኝም። አላቀፈችኝምም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ጊኒር

ጠዋት ሱቁን አብረን ከፈትን። ሥራ ሰጠችኝ፦ አቧራ መጥረግ፣ ከሮቤ የመጣ ካርቶን መፍታት፣ የአማርኛውን በደራሲ መደርደር። “ጽሑፌን ለማረም እንዳትነካኪ” አለችኝ፤ በር ላይ በእጅ የተጻፈው “መጻህፍት” ውስጥ ያለውን “ህ” ሳየው አይታኛለች። በምንም ዓይነት አልነካም። ለኔ በዚህ ዓለም ትክክለኛው አጻጻፍ እሱ ነው።

ደንበኞቿን አየሁ። አንድ ሽማግሌ ያነበቡትን መልሰው ለመከራከር ይመጣሉ፤ ደራሲው ያቺን ሴት መግደል አልነበረበትም ይሉና ሰሚራን ይወቅሷታል። አንዲት ነርስ ተረኛ በምትሆንበት ሌሊት እንቅልፍ የሚያባርር መጽሐፍ ትጠይቃለች። ልጃገረዶች ገብተው የግጥም መጽሐፍ ቆመው ይገለብጣሉ፣ ሳይገዙ ይወጣሉ፣ እሷም ምንም አትላቸውም። ልጅ ሆነን አልጋ ላይ ተኝተን ያቀድነው ሱቅ ይኼ ነው። እሷ መሸጫው ጋ፣ እኔ መደርደሪያው ጋ፣ ብለን ተካፍለን ነበር። እሷ ሠራችው። የኔ ቦታ ባዶውን ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወሬው ተዳርሶ የትናንት በስቲያዎቹ ሴቶች መጡ። ሰሚራ “እህቴ ናት። ስለ እናታችን ልትነግረኝ መጥታ ነው” አለቻቸው። ሌላ ማብራሪያ የለም። ሴቶቹ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። “አላህ ያጽናችሁ” አሉን። “ያጽናችሁ” ስንባል አብረን “አሜን” አልን፣ እሷ በሷ፣ እኔ በኔ። የጀማል እናት በምርኩዝ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ጉልበቴን ደባበሱኝ። “በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ልጄ” አሉኝ፣ እንኳን በደህና መጣሽ። ልጄ።

ሲሄዱ ሰሚራ “መቃብሯን ማየት እፈልጋለሁ” አለች።

“እሺ።”

“በዚህ አለባበሴ ነው የምሄደው። ለማንም ብዬ ሻሼን አልፈታም።”

“እሺ።”

“ከበሩ ከመለሱኝ በሩ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ።”

“አብሬሽ እቆማለሁ” አልኳት። አተኩራ አየችኝ። ይህንን ለማመን ጊዜ ያስፈልጋታል። ያስፈልጋት።

ጌታቸው ጋ መደወል ነበረብኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ ሄጄ ደወልኩ። የት እንዳለሁ፣ ከማን ጋር እንዳለሁ፣ እሑድ ማታ እቤቴ እንደምንገባ፣ ሰኞ መቃብር እንደምንሄድ ነገርኩት።

“እንደዚያው ሆና?” አለኝ።

“እንደዚያው ሆና።”

“ሰው ምን ይላል፣ አስካለ?”

“‘እህታቸው መጣች’ ይላል።”

ዘጋብኝ። ያልኩትን ብያለሁ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ታላቅ ወንድሜን ስቃወም የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አላለኝም። ቀለለኝ ብቻ።

ሰሚራ ሰምታለች። መጽሐፍ እያስተካከለች “አሁንም የሚያስፈራሽ ከሆነ ቅሪ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ” አለችኝ። ቁጣ አልነበረም። እውነቷን ነው።

“ያስፈራኛል” አልኳት። “አብሬሽ ነው የምሄደው።”

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ከጊኒር ወደ ሮቤ፣ መንገድ ላይ

መኪናው ስለሚያንገጫግጭ ጽሑፌ አይነበብም። ጎሮ ላይ ጎማ ሊቀይሩ ቆመናል፣ በዚህ መሀል ልጻፍ።

ሱቁን ለጀማል እናትና ለሌላዋ ምራታቸው አስረክባ ወጣች። ለስንት ቀን እንደሆነ አልተናገረችም። ትንሽ ቦርሳ ነው የያዘችው። እኔ የረቡዕን ጥቅል እንዳልተፈታ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። ልጇ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ በስልክ አገናኘችን። “አክስቴ” አለችኝ ልጅቷ፣ እየተጠራጠረች፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አላውቃትም።

መንገዱን ብዙም አላወራንም። አንዴ ስለ ጀማል ነገረችኝ፣ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ጮክ ብሎ እያነበበ እንዴት እንደሚያናድዳት። አንዴ ተቆጣችኝ፦ “የሠርጌ ቀን በሩን በሩን ሳይ ነበር” አለች። አዳመጥኩ። ገና ብዙ አላት፣ እኔም ገና ብዙ እሰማለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። አልጠየቅኋትም።

አሁን፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት፣ ስልኬ ጠራ። ጌታቸው ነው። ላንሳው፣ አላንሳው ስል ሰሚራ ስሙን ስክሪኑ ላይ አየች። ፊቷን ወደ ስንዴው መለሰች። አነሳሁት።

“ነገ ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?” አለ።

“ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት።”

“እሺ” አለና ዘጋ። ይኸው ነው። እመጣለሁ አላለም። አልመጣም አላለም።

ለሰሚራ ነገርኳት። ጎማውን የሚቀይሩትን ሰዎች ብዙ ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ፣

“‘ትደርሳለሽ’ ነው ያለው ወይስ ‘ትደርሳላችሁ’?” አለችኝ።

“‘ትደርሳላችሁ’።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ሥራዬ እኮ ነው” አልኳት።

አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከጎን ሆኜ ለማየት አልቻልኩም። ሾፌሩ ግቡ እያለ ነው።